የተቀበረልሽ ዕቃ ከጎዳሽ፦ ከካርድ ክፍል እስከ ችሎት፣ ለድሬና ለሐረር ሴቶች

አንዲት ሴት ከዚራ ወዳለችው ቢሮዬ መጣች። ታይዋን በሚባለው ገበያ ልብስ ትሸጣለች። ገና ሳትቀመጥ ጥቁር ፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈች። የአልትራሳውንድ ወረቀት አለ፣ የፋርማሲ ደረሰኝ አለ፣ የልጆች ክትባት ካርድ አለ፣ የመብራት ቢል ሳይቀር አለ። ከመሃላቸው አራት ቦታ የታጠፈች፣ ላብ የበላት ነጭ ካርድ ወጣች። ቀን ተጽፎባታል። ከጎኑ «ኢምፕላንት» ይላል፤ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ማለት ነው። በቃ። የትኛው ኢምፕላንት? የማን ምርት? ሎት ቁጥሩ፣ አብሮ የተመረተውን ዕቃ የሚለየው ቁጥር፣ ስንት? ምንም የለም።

ሦስት ዓመቱ ሲሞላ ልታስወጣው ሄደች። በእጅ ሲነካ አይገኝም። እንዲያም ሆኖ ክንዷን ከፍተው አንድ ሰዓት ያህል ፈለጉት፣ አጡት፣ ሰፍተው ላኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀለበት ጣቷና ትንሿ ጣቷ ይደነዝዛሉ። ጨርቅ ስትለካ ሜትሩ ከእጇ ያመልጣል። «እህቴ፣ እንክሰሳቸው» አለችኝ። መቼ ነው የሆነው ስላት በደህናው እጇ ቆጠረች። ዓመት ከአስር ወር። ክው አልኩ። ለምን እንደሆነ ወደታች ትደርሽበታለሽ።

ይህን የምጽፈው እንደሷ ላሉት ነው። ክንድ ላይ ለሚቀበረው፣ ለሉፕ፣ ለጡት ሲሊኮን፣ ለማህፀን መውረድ ለሚሰፋው ሜሽ ለሚሉት መረብ ያገለግላል። አንቺ እያልኩ ነው የምቀጥለው። ድሬ አድጌ አንቱታ አይሆንልኝም፣ ታውቂናለሽ።

ቁም ነገሩን አስቀድሜ ልንገርሽ። እንዲህ ያለ ክስ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ችሎት ሳይደርስ፣ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። የዕቃው ስም፣ ሎት ቁጥሩና ቀኑ በወረቀት ከሌሉ የሚቀርሽ ሕመምሽ ብቻ ነው። ሕመም ደግሞ ብቻውን አያስረታም።

1. ክሱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ታከሚ

ከባድ የሆድ ሕመም ከትኩሳት ጋር ካለሽ፣ ደም እንደ ቧንቧ ከፈሰሰሽ፣ ሉፕ እያለሽ የወር አበባሽ ከቀረ፣ ወይም ከማስገባት ወይም ከማውጣት በኋላ እጅሽ ከደነዘዘና ኃይል ካጣ፣ ይህን ጽሑፍ ዝጊና ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ድሬ ከሆንሽ ድልጮራ ወይም ሳቢያን አለልሽ። ሐረር ከሆንሽ ሕይወት ፋና ወይም ጀጎል ሆስፒታል። ቶሎ መታከም ለክሱም ይጠቅማል። ዳኛው «ለምን ቶሎ አልታከምሽም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

በክንድሽ ያለው በእጅ ካልተዳሰሰ ማንም እንዲቆፍረው አትፍቀጂ። ቦታው መጀመሪያ በምስል ይታወቅ። ኢምፕላኖን ኤንኤክስቲ የሚባለው አንድ ዘንግ ነው። ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር። ባሪየም ሰልፌት ስለተጨመረበት ራጅ ላይ ይታያል። የድሮው ኢምፕላኖን ግን በራጅ አይታይም፣ በአልትራሳውንድ ነው የሚፈለገው። ጃዴል ደግሞ ሁለት ዘንግ ነው። «አንዱን አውጥተናል፣ ጨርሰናል» ብለው የላኳት ሴት አውቃለሁ። ቁጥሩን ራስሽ ጠይቂ።

በክንድ ውስጠኛ ጎን ወደ እጅ የሚወርዱ ነርቮችና ደም ሥሮች ያልፋሉ። ዕቃው ጠልቆ ከገባ የሚያወጣው ልምድ ያለው ሰው መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

የሉፕሽ ክር ከጠፋ የእርግዝና ምርመራ፣ ቀጥሎ አልትራሳውንድ። እዚያ ካልታየ የሆድ ራጅ። «ሉፕ ወደ ልብ ይወጣል» የሚለውን የሰፈር ወሬ ተይው። ማህፀን በስቶ ሆድ ውስጥ መግባት ግን አለ። ብርቅ ነው፣ ከ1,000 ሴት በ1 ገደማ ይደርሳል። አንዷ አንቺ ከሆንሽ ግን ቁጥሩ አያጽናናም።

ሐኪሙ የነገረሽን ሁሉ ካርዱ ላይ እንዲጽፈው ጠይቂ። በቃል የተነገረሽ ነገር ኮሪደሩ ላይ ይቀራል።

2. ወረቀት ሰብስቢ

እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፣ ታገሺኝ።

ዕቃው ወደገባበት ተቋም ሂጂ። ጠዋት ሂጂ፤ በድሬ ሙቀት ከሰዓት በኋላ የካርድ ክፍል ሰልፍ ትዕግሥት ያስጨርሳል። መታወቂያሽንና የካርድ ቁጥርሽን ያዢ። ማመልከቻ በሁለት ኮፒ ጽፈሽ አንዱን ስጪ፤ በቀሪው ላይ ገቢ መደረጉን የሚያሳይ ማህተምና ቀን አስመቺ። ቢከለክሉሽ እንኳ ያቺ ማህተም ያለባት ቅጂ መጠየቅሽን ታሳያለች።

የምትጠይቂው ይህን ነው፦ የገባበት ቀን፣ የዕቃው ዓይነትና የንግድ ስም፣ ሎት ቁጥር፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን፣ ያስገባው ባለሙያ ስም፣ የፈረምሽው የስምምነት ፎርም፣ ከዚያ በኋላ የመጣሽባቸው ቀኖች ሁሉ፣ የማውጣት ሙከራ ከነበረ የተጻፈው ማስታወሻ፣ ራጅና አልትራሳውንድ። ማህተም ያለበት የሕክምና ማስረጃም ይጨመር።

ኢምፕላኖን ኤንኤክስቲ ከፋብሪካ ሲወጣ የታካሚ ካርድና የሚለጠፍ ስቲከር አብሮት ይመጣል። ስቲከሩ ላይ ሎት ቁጥሩ አለ። ቻርትሽ ላይ መለጠፍ ነበረበት። ብዙ ጊዜ ግን ከማሸጊያው ጋር ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። ታዲያ ተስፋ አትቁረጪ። የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል የራሱ መዝገብ አለው።

የታይዋኗን ሴት ይዤ የሄድኩት እዚያ ነው። ነርሷ ትልቁን መዝገብ አወረደች። ጣቷን በምራቋ እያረጠበች ወር በወር ገለጠች። ስሙ በእርሳስ ነው የተጻፈው፣ ግማሹ ደብዝዟል። «ይኸው» አለች ድንገት። የደንበኛዬ ስም፣ ዕድሜዋ፣ ቀኑ፣ «ኢምፕላኖን ኤንኤክስቲ»። ሎት ግን የለም። አቦ! ያን ጊዜ ሁለታችንም ዝም አልን። ነርሷ ናት መንገዱን ያሳየችን፦ «የስቶሩን ካርድ ጠይቁ፣ በዚያ ወር የገባው ሎት እዚያ ይኖራል።» ነበረም። በዚያ ወር አንድ ሎት ብቻ ነበር የወጣው። ከካርድ ክፍል ሰው ጋር አትጣይ የምለው ለዚህ ነው። ጥፋተኛዋ እሷ አይደለችም፣ ቁልፉ ግን እሷ ጋ ነው።

የመንግሥት ተቋማት ዕቃውን በአብዛኛው የሚያገኙት ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው፤ ድሬዳዋ ቅርንጫፍ አለው። ተቋሙ መዝገቡ ጠፋ ካለ የላከው ወገን ምን ሎት መቼ እንዳስረከበ ይታወቃል። ሰነዱን በፈቃዳቸው ካልሰጡሽ ክስ ከተከፈተ በኋላ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብልሽ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 145 መጠየቅ ይቻላል።

ዕቃው ገና የሚወጣ ከሆነ፣ ከመውጣቱ በፊት «ሲወጣ ለማስረጃ ይሰጠኝ» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። አለበለዚያ ከቆሻሻው ጋር ይቃጠላል። ከተሰጠሽ ንጹሕና ደረቅ ዕቃ ውስጥ አድርገሽ ክደኚው። ቀን ጻፊበት። ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጠሽ ፎቶ አንሺው። በበረኪና አታጥቢው፣ ለጎረቤትም እያዞርሽ አታሳዪው። ሉፕ ተሰብሮ ከሆነ የተሰበረበት ጫፍ ራሱ ይናገራል።

ሌላው በቤትሽ የሚሠራ ነው። ደብተር ግዢ። ሕመሙ የጀመረበት ቀን፣ ሥራ የቀረሽበት ቀን፣ ለባጃጅ የከፈልሽው ሁሉ ይጻፍ። ደረሰኝ ሳይቀበሉ መድኃኒት መግዛት በእኛ አገር ልማድ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ተይው። የወረቀቶቹንም ፎቶ በስልክሽ አንሺና ለእህትሽ ላኪ። ስልክም ወረቀትም ይጠፋል፣ ሁለቱ አንድ ላይ የሚጠፉት ግን አልፎ አልፎ ነው።

ዕቃው የገባው ጅዳ፣ ጅቡቲ ወይም ሌላ አገር ከሆነ የቀዶ ሕክምናውን ሪፖርት ከዚያ ማስመጣት ይኖርብሻል። ሰነዱ እዚህ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ መረጋገጥና መተርጎም አለበት። ጊዜ ይበላል፣ ቶሎ ጀምሪ።

3. ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለዪ

ሰው ሲናደድ ሁሉንም በአንድ ላይ ይከሳል። ዳኛ ግን «ማን፣ ምን አጠፋ?» ነው የሚለው።

አንደኛው፣ ማንም ያላጠፋበት ነው። ኢምፕላንት የወር አበባን ያዛባል። ደም ማየት፣ መቅረት፣ ራስ ምታት የታወቁ ባሕርያቱ ናቸው። በዚህ ብቻ ክስ አይቆምም። እውነቱን አሁን ከእኔ ብትሰሚ ይሻላል። አንድ ነገር ግን አለ፦ ይህ ሁሉ አስቀድሞ ተነግሮሽ ነበር? ምን እንደሚገባልሽ፣ ምን እንደሚያስከትልና ሌላ ምን አማራጭ እንዳለ ሳይነገርሽ ያስፈረሙሽ ወረቀት ስምምነት ሊባል ይከብዳል። ባልሽ ወይም አማትሽ «እሺ» ማለታቸውም ያንቺን ፈቃድ አይተካም።

ሁለተኛው የባለሙያ ጥፋት ነው። እኛ አካባቢ ከሚመጡልኝ አብዛኞቹ እዚህ ይወድቃሉ። አጥልቆ ማስገባት፣ እርግዝና ሳያጣሩ ማስገባት፣ ቦታው ሳይታወቅ ክንድ መክፈት፣ ተሰብሮ የቀረን ክፍል ሳይናገሩ ማሰናበት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2031 ሙያ ያለው ሰው የሙያውን ደንብ መጠበቅ አለበት ይላል። ጠበቃሽ የሚያተኩረው እዚህ ላይ ነው፦ ደንቡ ምን ይል ነበር፣ የተደረገውስ ምንድን ነው? ቁጥር 2651 ደግሞ ሆስፒታል ቀጥሮ ያሠራቸው ሰዎች በጥፋታቸው ላደረሱት ጉዳት ተቋሙን በፍትሐ ብሔር ተጠያቂ ያደርገዋል። ስለዚህ ነርሷን ብቻዋን አትክሰሺ። ካሳ የመክፈል አቅም ያለው ተቋሙ ነው።

ሦስተኛው የዕቃው ብልሽት ነው። ቁጥር 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በአግባቡ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። በተለመደው ምርመራ ሊታይ ይችል የነበረ ጉድለት ከሆነ ግን ያመልጣል። በውጭ አገር የምትሰሚያቸው ትልልቅ ክሶች በአብዛኛው እዚህ በኩል የገቡ ናቸው።

ሁለት ሦስቱን ላንሳልሽ፣ ትምህርት አላቸውና። ዳልኮን ሺልድ የሚባል ሉፕ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 1971 እስከ 1974 ተሸጠ። ክሩ ብዙ ቀጫጭን ክሮች በአንድ ሽፋን ውስጥ የታሰሩበት ነው። እንደ ኩራዝ ክር ባክቴሪያ ወደ ማህፀን ይስባል። ሴቶች በኢንፌክሽን ተጎዱ፣ መውለድ የተሳናቸው አሉ። ኤ.ኤች. ሮቢንስ የተባለው ኩባንያ በክሱ ብዛት እ.ኤ.አ. 1985 ከስሬያለሁ ብሎ ለፍርድ ቤት አመለከተ። ለተጎጂዎች ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ የያዘ ፈንድ ተቋቋመ። ኤሹር ደግሞ የማህፀን ቱቦን ለመዝጋት የሚገባ የብረት ጥቅል ነው። ባየር እ.ኤ.አ. 2018 መጨረሻ ላይ አሜሪካ ውስጥ መሸጡን አቆመ፤ በ2020 ወደ 39,000 ከሚጠጉ ክሶች 90 በመቶ ገደማውን በ1.6 ቢሊዮን ዶላር ለመጨረስ ተስማማ። በሜሽ የተነሣ አሜሪካ ውስጥ ከ100,000 በላይ ክስ ቀርቧል። አውስትራሊያ ውስጥ ከ1,300 በላይ ሴቶች በአንድ ላይ ከሰው እ.ኤ.አ. 2019 ረቱ።

በእነዚህ ሁሉ የትኛው ዕቃ እንደገባላት ማሳየት ያልቻለች ሴት ትቸገራለች። ሜሹ የማን እንደሆነ ካልታወቀ የትኛው ኩባንያ ይከሰሳል? ያቺ ስቲከር አሜሪካም ሄደሽ ትፈለጋለች።

አንድ ማስጠንቀቂያ እግረ መንገዴን። በቴሌግራም «ኢምፕላንት የተጎዳችሁ ተመዝገቡ፣ ካሳ በዶላር ከአሜሪካ እናመጣለን፣ መመዝገቢያ ይህን ያህል» የሚል ካየሽ እለፊው። እዚያ አገር የተዘጋ የካሳ ስምምነት ድሬ ላይ ለገባልሽ ዕቃ በራሱ አይከፍልሽም። ዕቃው እዚያው አገር የገባልሽ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ የዚያ አገር ጠበቃ ያስፈልግሻል።

ሠፈር ውስጥ በአንድ ወቅት፣ ከአንድ ተቋም፣ ከአንድ ሎት የገባላቸው ሌሎች ሴቶችም ተመሳሳይ ጉዳት ካለባቸው ተፈላለጉ። ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 35 አንድ ላይ መክሰስን፣ ቁጥር 38 አንዷ በሁሉም ስም መክሰሷን ይፈቅዳል። ባለሙያም ዳኛም «የእሷ ዕድል ነው» ለማለት ይቸገራል።

4. ቀን ቁጠሪ

አሁን ክው ያልኩበት ጋ ደረስን። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት ካሳ የመጠየቂያው ጊዜ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ 2 ዓመት ነው። ይርጋ ይሉታል። ደንበኛዬ የቀራት ሁለት ወር ነበር።

«ጉዳቱ የደረሰው መቼ ነው?» የሚለው ራሱ ክርክር ነው። ዕቃው የገባ ቀን ነው? ጣቷ የደነዘዘ ቀን? ሐኪም የነገራት ቀን? አንቺ ግን ሁልጊዜ ለራስሽ በጣም አጭሩን ቁጠሪ። ድርጊቱ ወንጀልም ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ይሠራል። በሰው አካል ላይ በቸልተኝነት ጉዳት ማድረስ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 559 ያስቀጣል። ከግል ሆስፒታል ጋር ከፍለሽ ከታከምሽ ደግሞ ውል ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ የውል አጠቃላይ ይርጋ በቁጥር 1845 10 ዓመት ነው። ሁለቱም ግን የጠበቃ መከራከሪያ ናቸው። በእነሱ ተማምነሽ አትተኚ።

ሽምግልና ላይ ነን፣ የሠፈሩ መረዳጃ፣ አፎቻው፣ ይዞታል፣ ኃላፊው «እናያለን» ብሎኛል፣ እነዚህ ሁሉ ሰዓቱን አያቆሙልሽም ብለሽ አስቢ። ስንቷ ናት በ«እናያለን» ዓመት ያለፋት!

5. አቤት በዪ፣ ሪፖርት አድርጊ

ሦስት ቦታ ነው። በአንድ ሳምንት ጨርሺው።

ለተቋሙ ኃላፊ በጽሑፍ። ስድብ የለበትም፣ ቀንና ድርጊት ብቻ።

ለጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ። ድሬ ከሆነ በአስተዳደሩ ጤና ቢሮ፣ ሐረር ከሆነ በክልሉ ጤና ቢሮ በኩል ጠይቂ። ይህ እርምጃ የሚናቅ አይደለም። ዳኛ ሐኪም አይደለም። ነርቩ የተጎዳው በአከፋፈቱ ነው ወይስ በሌላ ምክንያት የሚለውን የሚነግረው ባለሙያ ይፈልጋል። የኮሚቴው ውሳኔ ካንቺ ጋር ከሆነ ክስሽ ግማሹን መንገድ ሄደ ማለት ነው። ካንቺ ጋር ካልሆነም በችሎት ሌላ የባለሙያ አስተያየት እንዲሰማ መጠየቅ ትችያለሽ። ኮሚቴው ግን ካሳ አይሰጥም። እሱን ስትጠብቂ ይርጋው እንዳያልፍ።

ዕቃው ራሱ የሚያጠራጥር ከሆነ ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን። ነፃ የስልክ መስመሩ 8482 ነው። የሕክምና መሣሪያን መቆጣጠር በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የእሱ ሥራ ነው። ስሙን፣ ሎቱን፣ የሆነውን ንገሪ፣ የተቀበለሽን ሰው ስምና ቀኑን ጻፊ። ካንቺ በኋላ ከዚያው ሎት የሚወስዱት ሴቶችም አሉ።

6. ጠበቃና ገንዘብ

የጠበቃ ፈቃዱን እይ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በፐርሰንት ከተስማማችሁ ፐርሰንቱ ከምን ላይ እንደሚሰላ ይጻፍ፤ ከተፈረደው ላይ ነው ወይስ እጅሽ ከገባው? ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ብትሸነፉ የወጪው ጉዳይም ይጻፍ። ፍርድ ቤት በር ላይ «ጉዳይሽን እኔ እጨርስልሻለሁ» የሚል ደላላ ጋር አትነጋገሪ።

ገንዘብ ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ጠይቂ፤ ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። የሐረማያና የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። የዳኝነት ክፍያው ካቃተሽ በድሃ ደንብ ለመክሰስ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ ያለውን መንገድ ተጠቀሚ። የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ሕጉ ራሱ ነው የጻፈው።

7. ክሱን መጻፍ

የት? ድሬዳዋ ላይ የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ ክስ ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ በላይ ለከፍተኛው ይቀርባል። ሐረር ላይ የግል ክሊኒክ የምትከሺ ከሆነ የክልሉ ፍርድ ቤት ነው። ተከሳሹ የፌዴራል ተቋም ሲሆን ግን ጠንቀቅ በዪ። ሕይወት ፋና ለምሳሌ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ፌዴራል ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃን ሥልጣን ደርቦ እንዲሠራ ያደርጋል። በስህተት የተከፈተ ፋይል ይዘጋል፤ ይርጋሽ ደግሞ ይሮጣል።

ተቋሙ የመንግሥት ከሆነም ይከሰሳል። ሠራተኛው በሥራው ላይ ያጠፋው ከሆነ በቁጥር 2126 ካሳውን ከመንግሥት መጠየቅ ይቻላል። «አገልግሎቱ ነፃ ነበር፣ ምን ከፍለሽ?» የሚል ሰው ካጋጠመሽ አትደንግጪ። ነፃ መሆኑ ሙያውን አያስቀረውም።

ደንበኛዬ ወደኔ ከመምጣቷ በፊት ራፖር ጻፊ ያስጻፈችው ማመልከቻ ነበራት። ሁለት ገጽ ሙሉ ለቅሶ ነው። «ጨካኞች»፣ «አረመኔዎች»፣ «የድሃ እንባ»። አንድም ቀን አልተጻፈም። እኛ ያስገባነው እንዲህ ይጀምራል፦

«እኔ ከሳሽ በተከሳሽ ተቋም ኢምፕላኖን ኤንኤክስቲ የተባለ የወሊድ መከላከያ በግራ ክንዴ ተቀብሮልኛል። ለማስወጣት በቀረብኩ ዕለት ዕቃው በእጅ እንደማይዳሰስ በካርዴ ላይ ተመዝግቧል። ይህ እየታወቀ ቦታው በአልትራሳውንድም ሆነ በራጅ ሳይረጋገጥ ክንዴ ተከፍቶ ተፈልጓል፤ አልተገኘም። ከዚያ ዕለት ጀምሮ የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ደንዝዘዋል።»

ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጀርባ አንድ ወረቀት አለ። «በእጅ እንደማይዳሰስ» የሚለውን የጻፉት ራሳቸው ናቸው። እሱን ያገኘነው ካርድ ክፍል ነው። የማስረጃ ዝርዝሩ ከክሱ ጋር አብሮ ይገባል፤ «በኋላ አመጣለሁ» አይሠራም። ምስክር ካለሽ ስምና አድራሻ።

ካሳው እንዴት ይሰላል? ያወጣሽው የሕክምና ወጪ፣ ያጣሽው ገቢ፣ ወደፊት የምታወጪውና የምታጪው። የአካል ጉዳቱን በመቶኛ የሚገልጽ የሜዲካል ቦርድ ማስረጃ እዚህ ጋ ወሳኝ ነው። ገቢን ማስረዳት ለእኛ ነጋዴ ሴቶች ከባድ ነው። ጫት የምትሸጥ፣ ሻይ የምታፈላ ሴት ምን መዝገብ አላት? ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የዕቁብ ደብተር፣ አጠገብሽ የሚሸጡ ሰዎች ምስክርነት፣ ያለሽን አቅርቢ። ልኩ በትክክል ካልታወቀ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ፍትሐዊ ነው ባለው ልክ፣ እንዲወስን ቁጥር 2102 ይፈቅድለታል።

አንጀት የሚያቃጥለው የሞራል ካሳው ነው። ቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። በ1952 ዓ.ም. የተጻፈ 1,000 ብር! ያኔ ብዙ ነበር። ዛሬ ከዚራ ለሁለት ሰው ምሳ ይበቃ እንደሆነ እንጃ። ቢሆንም ጠይቂው፣ መብትሽ ነው። ጠቅላላውን ግን እንዲሁ አታግዝፊው። የዳኝነት ክፍያ የሚሰላው በጠየቅሽው ልክ ነው፤ ከተሸነፍሽም የተከሳሽ ወጪ ሊመጣብሽ ይችላል።

8. ከመጥሪያው በኋላ

ተከሳሽ መልስ ይሰጣል። መልሱን ስታነቢ ደምሽ ይፈላል። «የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው»፣ «ፈርማለች»፣ «በይርጋ ታግዷል»፣ «ዕቃውን ያስገባነው እኛ አይደለንም»። እነዚህን አራቱን አስቀድመሽ ጠብቂያቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይመጣሉ። የመጨረሻው ሲመጣ መዝገቡ ላይ ያለው ስምሽ በእርሳስም ቢሆን ወርቅ ነው።

ፍርድ ቤቱ ወደ አስማሚ ሊመራችሁ ይችላል። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ የተፈቀደ ነው። እኔ አልጠላውም። የሽማግሌም ሆነ የአስማሚ ስምምነት ከመፈረምሽ በፊት ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ፈልጊ፦ «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚለውን። ዕቃው ገና ክንድሽ ውስጥ ካለ፣ ወይም ሌላ ቀዶ ሕክምና ከቀረሽ፣ የዚያ ወጪ ማን እንደሚችል ሳይጻፍ አትፈርሚ።

የሐኪም ምስክር ሲሰማ ቃሉ ካልገባሽ ጠበቃሽ በአማርኛ እንዲያስረዳ ያስጠይቅልሽ። ዳኛውም ላይገባው ይችላል። ችሎቱ የሚሠራበት ቋንቋ ካልሆነልሽ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ ግማሹን እየሰማሽ አትቀመጪ።

ፍርዱ ካልጣመሽ የይግባኝ ጊዜው በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 323 60 ቀን ነው። የፍርዱን ግልባጭ በዚያው ሳምንት ጠይቂ፤ «ግልባጩ ዘገየብኝ» ለማለት መቼ እንደጠየቅሽ የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋል። ከረታሽ ደግሞ ገንዘቡ በራሱ እግር አይመጣም። የአፈጻጸም ማመልከቻ አስገቢ፤ በቁጥር 378 ነው።

የታይዋኗ ሴት ክሷ ይርጋው ሊሞላ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ገባ። በአስማሚ አለቀ። ዘንጉ የት እንዳለ በአልትራሳውንድ ታይቶ ሌላ ቦታ፣ በሌላ ባለሙያ ወጣ፤ ወጪውን ተቋሙ ቻለ። ትንሿ ጣቷ እየተመለሰች ነው፣ የቀለበት ጣቷ ገና ነው። ጨርቅ የምትለካው አሁን በቀኝ እጇ ነው።